ለምሳ ያልቆየሁበት ጉባኤ

ስልኩ ሲጠራ ኮምቦልቻ ካለው ቤቴ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እመላለስ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ይኸው ሆኗል፤ ከበሩ እስከ ፓፓያው፣ ከፓፓያው እስከ በሩ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ግቢውን እኮ ቦይ አወጣህበት» ትለኛለች። ቁጭ ብሎ መዋል ድሮም አይሆንልኝም። ልጅ ሆኜ እናቴ እግሬን እየገለበጠች ታይ ነበር፤ ጉንዳን የገባብኝ እየመሰላት።

ደዋይዋ ወጣት ሴት ነበረች። «ሰዓዳ እባላለሁ፤ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነኝ» አለችኝ። የምክር ቤቱን ታሪክ የሚያወሳ መጽሔት እያዘጋጁ ነው። ማን ከየትኛው ቀበሌ ተወክሎ እንደነበር፣ የትኛው ቀበሌ መቼ እንደተጨመረና መቼ እንደተቀነሰ ከድሮ ቃለ ጉባኤዎች ላይ እየለቀሙ ነው። ደሴ ላይ በሚደረገው ጉባኤም ነባር አባላት ተጠርተዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ወይራ አፋፍ የምትባል ቀበሌ መጀመሪያው ዝርዝር ላይ አለች። ከጎኗ የእርስዎ ስም አለ። ከዚያ በኋላ ግን የትም ዝርዝር ላይ አላገኘኋትም።»

«ከታችኛዋ ቀበሌ ጋር ተዋህዳ ነው» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ፤ አሁን ሁለቱንም የምወክለው እኔ ነኝ። የገረመኝ ቃለ ጉባኤው ‹በሙሉ ድምፅ ጸደቀ› ማለቱ ነው። እርስዎ ያን ቀን አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ።»

ሌላ ጥያቄ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጣችብኝ። ከሚመጡት ነባር አባላት በዕድሜ ትልቁ እኔ ስለሆንኩ ጉባኤውን በምርቃት የምዘጋው እኔ ነኝ አለች። ያን ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የነበርኩት ሰው! ሌሎቹ ወይ አልፈዋል፣ ወይ ከቤት አይወጡም። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ግቢው አልበቃኝም፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ መመላለስ ጀመርኩ። እንቅልፌም ተረበሸ። ምርቃት ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ለምን እንደሆነ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ፣ እዚህ ልጻፈው።

የወረዳውን ስም ልተወው። ካርታው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የወረዳው አልነበረም። ወይራ አፋፍ ግን ከደሴ ወደ ኩታበር ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው በእግር የሚደርሱባት፣ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የደጋ መንደር ነች። ገብስና ባቄላ ይበቅልባታል፤ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ ሲመጣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በድምፅ ብቻ ይተዋወቃል። ገደሉን ወርደው ወንዙን ሲሻገሩ ታችኛዋን ቀበሌ ያገኛሉ። እሷ ሰፊ ነች፤ መኪናም ይገባባታል። ወንዙ በበጋ ልጅ እየዘለለ ያልፈዋል። በክረምት ግን በሬ ይወስዳል።

አባቶቻችን በጭቃ ሹምና በአጥቢያ ዳኛ ዘመን ኖረዋል። እኔ ደግሞ በገበሬ ማኅበር ዘመን ነው ያደግሁት። መንግሥት ተለውጦ የወረዳ ምክር ቤት በአዲስ መልክ ሲቋቋም ወይራ አፋፍም እንደ ቀበሌ አንድ ወንበር ደረሳት። ሰው ሁሉ ያን ወንበር ለአያ ይማም ነበር ያሰበው። አያ ይማም በገበሬ ማኅበሩ ጊዜ ለመንደሩ ሲሟገቱ የኖሩ፣ ቁመታቸው ዘንካታ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ገበሬ ነበሩ። ቤታቸው ከቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፣ ለአረፋም ለፋሲካም በሁለቱም ቤት እንጠራራለን።

አያ ይማም ግን ወንበሩን ለእኔ ተዉልኝ። «ወረቀቱ በዝቷል» አሉ መንደሩ በተሰበሰበበት። «እኔ ማንበብ አልችል። አስፋው አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። እሱ ይሂድልን።» አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ አጥቼ፣ አባቴን ከማገዝና ደሴ ወርጄ ማስታወቂያ ከማንበብ ውጪ ምንም የማልሠራ ጎረምሳ ነበርኩ። ተመረጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

የምክር ቤቱ ሰው ሠላሳ ያህል ይሆናል። አብዛኛው ገበሬ ነው፤ ጥቂት መምህራን፣ አንድ የጤና ረዳት፣ ሼሆችና ቄሶች፣ ሁለት ሴቶች። ማንም ሳያዘን ደጋው በቀኝ፣ ቆላው በግራ እንቀመጥ ነበር። ሰብሳቢው አንድ ሥልጠና ወስዶ የመጣ መምህር ነው፤ አጀንዳ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ «አስተያየት» ይላል፣ «ድምፅ ይሰጥ» ይላል። ስብሰባውን የሚመራው ግን በእውነቱ ሼህ እንድሪስ ነበሩ፤ ከሁላችንም በዕድሜ የገፉ፣ ከቆላው በኩል የመጡ ሰው። አንድ ጉዳይ ተወርቶ ተወርቶ ሲበቃው ሼህ እንድሪስ ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ዝም ይላል። አላህ ያማረ ያድርገው፣ አላህ ያስማማን፣ ይላሉ፤ ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን አሚን እንላለን። ካህናቱ አሜን ይላሉ፤ የሚለይ ነገር የለውም። ከዚያ ሰብሳቢው በሥልጠናው መሠረት እጅ ያስወጣል። ከአሚን በኋላ እጁን ያላወጣ ሰው ግን አንድም ቀን አላየሁም። በዱዓ የታሰረን ነገር ማን ይፈታል? ሰዓዳ ያየችው «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ከዚህ የመጣ ነው። የዚያ ዘመን ቃለ ጉባኤ በሙሉ ብትገልጪው ሌላ ቃል አታገኚበትም፣ ልጄ።

ከጉባኤው በኋላ ደግሞ ምሳ አለ። ምሳው ሁልጊዜ ሽሮና ምስር ነበር። ሥጋ ቢሆን ክርስቲያኑ ለብቻ፣ እስላሙ ለብቻ ይታረድለትና ገበታው ሁለት ይሆናል፤ ሽሮ ከሆነ ግን አንድ ትሪ ለሁሉም ይበቃል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ምሳ እንደ ምሳ ብቻ ነበር የማየው። ስብሰባው ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ ብዬ ነበር የማስበው።

ወሩ ግንቦት ነበር። ትንንሾቹን ቀበሌዎች ከትልልቆቹ ሊያዋህዱ ነው የሚል ወሬ ቀድሞ ደርሶናል። ወደ ደሴ ልሄድ የተነሳሁ ዕለት አያ ይማም በሶ በትንሽ ከረጢት ይዘው እስከ መገንጠያው ሸኙኝ። መንገዱ ላይ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩኝ። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«አስፋው፣ ወንዙን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ፣ አያ።»

«ቀበሌያችን ወደ ማዶ ከሄደች ለማኅተም፣ ለመታወቂያ፣ ለዳኝነት፣ ለሁሉም ነገር ክረምት ከበጋ ልንሻገረው ነው። ትምህርት ቤቱም እዚያው ማዶ ይቀራል፤ ልጆቹ እንዴት አድርገው ይሻገሩታል? ይህችን ብቻ ንገርልኝ። ሌላውን ቢወስዱት ይውሰዱት።»

«አብሽሩ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በሶውን ተቀብዬ መንገድ ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ የምናገረውን በሦስት ነጥብ ጽፌ ይዤ ነበር። ሌላ ወረቀት ደግሞ በሌላው ኪሴ ነበረ፤ ስለ እሱ ለአያ ይማም አልነገርኳቸውም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ሊቀጥር በጉባኤው ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ይመዘግባል። አርፍዶ የመጣ አይመዘገብም ይላል። ማስታወቂያውን ደሴ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ ነበር የወሰድኩት።

ጉባኤው በሦስት ሰዓት ተጀመረ። የመጀመሪያው አጀንዳ የዘር ጉዳይ፣ ሁለተኛው በሁለት ቀበሌዎች መካከል የነበረ የግጦሽ ጠብ። ለግጦሹ ስምንት ሰው ተናገረ። ከስምንቱ ሰባቱ ያንኑ ነገር ነው የተናገሩት፤ ስምንተኛው ደግሞ ሰባቱ ያሉትን ጠቅለል አድርጎ ደገመው። እኔ ወንበሬ ላይ እገላበጣለሁ። ከጎኔ የነበሩት ቄስ «ምነው፣ ቁንጫ ነው?» አሉኝ። ሰዓት አልነበረኝም፤ በመስኮቱ የገባውን የፀሐይ ጥላ እየተከታተልኩ ወለሉ ላይ ያለች ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ስድስት ይሆናል እያልኩ እገምት ነበር። ጥላው ስንጥቋን አለፈ። ልቤ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት እየወረደ ነበር።

ሦስተኛው አጀንዳ መጣ። ሰብሳቢው የሚዋሃዱትን ቀበሌዎች አነበበ። ወይራ አፋፍ ከታችኛዋ ጋር። ምክንያቱንም አስረዳ፤ ሠራተኛ ለማብቃቃት፣ ሥራ ለማቀላጠፍ። «አስተያየት ያለው?» አለ።

ቤቱ ዝም አለ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሦስቱን ነጥቦች የያዘችውን ወረቀት ጨብጫለሁ። አሁን ብናገር ሰብሳቢው ይመልሳል። ከዚያ የታችኛዋ ቀበሌ ሰው ይነሳል። ከዚያ እንደ ግጦሹ ስምንት ሰው ይናገራል። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው።

ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ግማሽ ድረስ አነሱና አቆሙ። ወደ ደጋው ረድፍ፣ ወደ እኔ አዩ። ዓይናቸው ደከም ያለ ነበር፤ ሰው ሲያዩ ትንሽ ጠበብ ያደርጉታል። ጠበቁኝ። በሙሉ እርግጠኝነት ነው የምናገረው፤ ይናገር ብለው ጠበቁኝ። እኔም ወረቀቷን ለቅቄ እጄን ከኪሴ አወጣሁና ሁለት መዳፌን ዘረጋሁ። ከቤቱ ሁሉ ቀድሜ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ሌላው እኔን አይቶ ዘረጋ። ሼሁ ትንሽ ቆይተው ዱዓቸውን ጀመሩ፤ አሚን ተባለ፤ እጅ ወጣ። ወይራ አፋፍ ከወንዙ ማዶ ሄደች።

የምሳ ትሪ ሲገባ እኔ ደረጃውን እየወረድኩ ነበር። አንድ ሰው «አስፋው! ምሳ!» ብሎ ጠራኝ። «ድርሻዬን ጀባ ብያለሁ፣ ብሉ!» ብዬ ሳልዞር መለስኩ።

ሚኒባሷ ሐረጎን ስትወርድ መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ከላይ ብርድ ነበር፤ ኩርባው አንድ በአንድ ሲያልፍ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። ከመናኸሪያው እስከ ፋብሪካው በር ሮጥኩ። በሩ ላይ ማንም የለም። ዘበኛው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ምዝገባው?» አልኩት እያለከለክሁ።

«ለነገ ሆነ እኮ። ለጥፈነዋል፣ አላየኸውም?» በመፋቂያው ወደ በሩ ጠቆመኝ። እውነትም አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች።

ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ከዚያ ፋብሪካው ፊት ለፊት ከሐርቡ የመጣ ማንጎ ከምትሸጥ ሴት ሦስት ማንጎ ገዝቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጭማቂው እስከ ክንዴ ወረደ። ርቦኝ ነበር፤ ግን ሁለተኛውን ሳልጨርስ ተውኩት። ሦስተኛውን ለዘበኛው ሰጠሁት። ያን ከሰዓት ከፋብሪካው በር እስከ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው እስከ ፋብሪካው በር ስመላለስ ዋልኩ። ወደ ደሴ የሚመለሱ መኪኖች በጎኔ ያልፋሉ። ብመለስ ይደረስ ነበር ወይ? እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ ተመዝግቤ፣ ተፈትኜ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ መንደር ተመለስኩ።

ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። አያ ይማም በራቸው ላይ እርፍ ይጠርቡ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ደህና ገባህ፣ አስፋው?»

«ደህና፣ አያ።»

«አሚን ተብሏል አሉ።»

«ሼሁ አጣደፉት፣ አያ» አልኩ። «ልናገር ስል ዱዓ ጀመሩ። በዱዓ መሐል ምን ይባላል?»

መጥረቢያቸው ቆመ። «ሼህ እንድሪስ?» አሉ ቀስ ብለው። «እሳቸው እንኳ አያጣድፉም ነበር።» ከዚያ እርፉን አገላብጠው ማየት ጀመሩ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ ያን ዕለትም፣ ከዚያ በኋላም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አፌን ሞልቼ በአንድ ሽማግሌ ላይ ዋሽቼ፣ ሌላው ሽማግሌ እንዳወቀብኝ እያወቅሁ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሐምሌ ላይ ፋብሪካው እንደተቀበለኝ ሰማሁ። ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ቀበሌዬ እንግዲህ ከወንዙ ማዶ ነው። ገደሉን ስወርድ የወንዙ ድምፅ ከግማሽ መንገድ ይሰማ ነበር። ታች ስደርስ ውሃው ከቡና የጠቆረ፣ ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። ከዳር ባለ ቋጥኝ ሥር አንድ ሰው ፌስታል ተከናንቦ ተቀምጧል። አያ ይማም ነበሩ።

«አያ፣ ምን ያደርጋሉ እዚህ?»

«ያን ልጅ ትምህርት ቤት ላስገባ ብዬ። የልጅ ልጄን። ማኅተም ያስፈልጋል አሉ።» ወደ ወንዙ አገጫቸውን ቀሰሩ። «አላሳልፍ አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ትናንትም መጥቼ ነበር። ከትናንት ወዲያም።»

ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከጉያቸው የባቄላ ቆሎ አውጥተው ጨበጥ አድርገው ሰጡኝ። ቆሎው ርሶ ነበር። ብዙ ሰዓት ተቀመጥን፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም፣ እነሳለሁ፣ ዳር ዳሩን እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ደብዳቤዬ ቀን አለው። እሳቸው ያዩኛል። ያን ጊዜ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ እኔ ነኝ፣ ሼሁ ጠብቀውኝ ነበር፣ ለስምንት ሰዓት ብዬ ነው፣ ልላቸው። ወንዙ ይጮሃል፣ እኔም ለመጮህ አፈርኩ። አመሻሽ ላይ ውሃው ትንሽ ጎደለ። አያ ይማም ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

«ና፣ እኔን ያዝ» አሉኝ። «አብሽር። እግርህን አታንሳ፣ እየጎተትክ ሂድ።»

እኔ ጎረምሳው፣ እሳቸው ሽማግሌው፤ እሳቸው እጄን ይዘው አሻገሩኝ። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር። መሐል ላይ ስደርስ እግሬ ከሥሩ ድንጋይ አጣ፤ ክንዴን የያዘው እጃቸው ግን አልላላም። ማዶ አድረን ጠዋት ሁለታችንም ማኅተማችንን አገኘን። የእኔ ደብዳቤ ሥራ አስገባኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ኮምቦልቻ ኖርኩ። አያ ይማም ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ተሻግረዋል። የሞቱት በሕመም፣ በአልጋቸው ላይ ነው፤ ወንዙ አልወሰዳቸውም። ግን ሳልነግራቸው ሞቱ። ለቀብራቸው ስሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ወንዙን አየሁትና አለቀስኩ። ሰው ለእሳቸው ያለቀስኩ መሰለው።

ሼህ እንድሪስን ከብዙ ዓመት በኋላ ደሴ መናኸሪያ አካባቢ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ ልጃቸው ይመራቸዋል። ድምፄን ሰምተው አወቁኝ። «የወይራ አፋፉ ልጅ!» አሉ። እጃቸውን ስሜ፣ ሳልጠየቅ ነገሩን አነሳሁት። ይቅር ይበሉኝ፣ በእርስዎ ነው ያሳበብኩት አልኳቸው። ሳቅ አሉ።

«ያን ቀን ምሳ ላይ ከጎኔ ቦታ ይዤልህ ነበር። የት ሄደ? አልኩ፤ ወጣ አሉኝ። ለሌላ ሰው አላስቀመጥኩበትም፣ እስኪያልቅ ድረስ።»

«ለምን፣ አባ?»

«ልትነግረኝ ነዋ። ሰው ሳይበተን፣ ትሪው ሳይነሳ፣ አንድ ሰው ሆዱ ያለውን ካወጣ ዱዓውን እንደገና እናደርገዋለን። ስንቱን ነገር ሽሮ ላይ ከፍተን ዘግተነዋል! ዝም ያለ ሰው ሲርበው ይናገራል ብዬ ነበር። አንተ ግን ለምሳም አልቆየህ።»

እንግዲህ ብመለስ ይደረስ ነበር ወይ ያልኩት ጥያቄ መልሱን ያገኘው ያን ዕለት ነው። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጬ ይህን አላወቅሁም ነበር። የማውቀው አጀንዳውንና ሰዓቱን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጉባኤው ሄድኩ። ሚኒባሷ ሐረጎን ስትወጣ ጉሙ ግማሹ ላይ ተቀበለን፤ ጉልበቴ ብርዱን ከእኔ ቀድሞ አወቀው። አዳራሹ አዲስ ነው። ደጋና ቆላ ተለይቶ አይቀመጥም፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ሰሌዳው ቀርቶ ግድግዳው ላይ ምስል ይበራል። የምክር ቤቱ ታሪክ ተነበበ። ወይራ አፋፍ አንድ ጊዜ ተጠራች፣ የእኔም ስም አብሮ ተጠራ፤ ሰው አጨበጨበልኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ከምርቃቱ በፊት «ያልተናገረ ሰው አለ?» ብዬ ልጠይቅ፤ ዝም ቢሉም እንደ ሼህ እንድሪስ ቆም ብዬ ልጠብቅ። ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ሰዉ ወንበሩ ላይ ተነቃነቀ። የእኔም እግር ያን የድሮ ማሳከኩን ጀመረ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሰው መኪና ሞልቶ ይሄድብኛል ብዬ አሰብኩ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? እጄን ዘርግቼ መረቅሁ። አላህም ይባርካችሁ፣ እግዚአብሔርም ይባርካችሁ፣ አልኩ፤ ሰው አሚን አለ። በስድሳ ዓመቴ ያንኑ ደገምኩት።

ደረጃውን እየወረድኩ ሳለ አንዲት ልጅ ከኋላዬ ደረሰችብኝ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። «ጋሽ አስፋው፣ ሰዓዳ ነኝ» አለች። ሰላም ተባባልን። አብራኝ ወረደች፤ እሷም ቸኩላለች።

«ምን ይዘሽ ነው እንዲህ ያቀፍሽው?» አልኳት።

«ወረቀት ነው። የወይራ አፋፍ ሰው የፈረመበት። ወንዙ ላይ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ እንዲሠራላቸው ይጠይቃሉ። ዛሬ ላነሳው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሳሽውም?»

«ወላሂ፣ መጨረሻ ላይ ‹ሌላ ጉዳይ› ሲባል አነሳዋለሁ ብዬ ነበር። አንቱ ቀድመው ተነስተው እጅዎን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። በምርቃት መሐል ምን ይባላል?»

ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከዚህ በላይ ዝርዝር አያስፈልግም፤ ልቤ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። «ምሳ አለ?» አልኳት።

«አለ። ሽሮ ነው። እኔ ግን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ...»

«ተመለሽ» አልኩ። «ትሪው ገና አልተነሳም።»

ግራ ገብቷት አየችኝ። እጇን ይዤ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ እያንዳንዱን ደረጃ ቆጠረልኝ። አዳራሹ ውስጥ ሰው በየትሪው ዙሪያ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ካለበት ትሪ ጠጋ በሉ አልኳቸው፤ ሽማግሌ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም፣ ጠጋ አሉ። እሷ ከጎኑ፣ እኔ ከጎኗ ተቀመጥን። «የዛሬው ምርቃት ጎድሎበታል» አልኳቸው። «አንድ ያልተሰማ ሰው አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ ነው። እሷ ስትጨርስ እንደገና እመርቃለሁ።» ሰብሳቢው ጉርሻውን እንደያዘ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ።

ሰዓዳ ወረቀቱን ከወጡ ራቅ አድርጋ ዘረጋችው። መጀመሪያ ንባቧ ይደናቀፍ ነበር፤ ወንዙ ጋ ስትደርስ ግን ደህና ሆነ። ድልድዩ ይሠራ አይሠራ ገና አላውቅም። ለሚቀጥለው ጉባኤ በአጀንዳነት መያዙን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የያዙት ከቃለ ጉባኤው ግርጌ፣ በእጅ ጽሑፍ ነው። አያ ይማም ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር? ምናልባት ምንም። ምናልባት ያን ርጥብ ቆሎ ጨበጥ አድርገው ይሰጡኝ ነበር።

ከታች፣ ከመንገዱ ላይ፣ የኮምቦልቻው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ይሰማኝ ነበር። እግሬ ተነስ ተነስ አለኝ። ከትሪው ቆረስኩና እዚያው ቁጭ አልኩ።